ክብ የተጻፈለት እግር

ኪታክዩሹ፣ ኤፕሪል 14

ለተከበሩ መምህር ሙናካታ፣

የኮኩ አበባ ከደጅዎ ሳይረግፍ ይድረስልኝ ብዬ ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ የእጅ ጽሕፈቴን ይቅር ይበሉኝ። እርስዎና እትዬ ፉሚኤ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ምግቡም ሰውም ተስማምቶኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ ላመስግንዎት። የዋስትናው ወረቀት ላይ ማኅተምዎን ባያሳርፉልኝ ይህ ኩባንያ በሩን አይከፍትልኝም ነበር። የሠራተኛ ክፍሉ ሰውዬ ስምዎን ሲያነብ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «የቡድናችን አሰልጣኝ የሳጋራ መምህር!» አለ። እኔም ባልለፋሁበት ክብር ትንሽ ተጎማለልኩ።

«ለመሆኑ ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ?» ላሉኝ፣ ወረቀቱ ላይ «የሴቶች ሩጫ ቡድን ረዳት የአካል ብቃት ባለሙያ» ነኝ። ሜዳ ላይ ግን «አንቺ በረዶ!» ነው ስሜ። በረዶ እሸከማለሁ፣ ውሃ እሸከማለሁ፣ ቁርጭምጭሚት እጠቀልላለሁ፣ የላብ ካልሲ እሰበስባለሁ። አባቴን ያውቁታል፤ ዓሣውን እየመተረ «አራት ዓመት ሙሉ ሰው እንዴት እንደሚሮጥ ተማርሽ፤ ውሻችን እኮ ሳይማር ነው የሚሮጠው» እያለ ደንበኛ ያስቅብኛል።

ቢሆንም ዕድለኛ ነኝ። አብረውኝ ስፖርት ሳይንስ ከጨረሱት አንዱ የጂም አባልነት ይሸጣል። አንዷ የመምህርነት ፈተና ወድቃ እንደገና እያጠናች ነው። ሌላው ኢንሹራንስ ገብቶ «የሰው ልብ ምት የማየው ደንበኛው ሊፈርም እስክሪብቶ ሲያነሳ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። በተማረችው የገባች እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም በእርስዎ ስም።

ስምንት ሯጮች አሉን። በየማለዳው የልብ ምታቸውን፣ ክብደታቸውንና ሕመማቸውን በደብተር ይሞላሉ፤ ደህና ከሆኑ ክብ፣ ትንሽ ካመማቸው ሦስት ማዕዘን፣ መሮጥ ካልቻሉ ኤክስ። ደብተሩን ሳየው ሳቄ መጣ፤ ልክ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን እርስዎ ያስሞሉን የነበረው ነው! አሰልጣኝ ሳጋራ «ከመምህሬ ነው የወሰድኩት» ይላሉ አሉ። እርስዎ ጋ በነበሩ ጊዜ ምን ዓይነት ተማሪ ነበሩ?

ተማሪዎ፣ ናሩሴ ካናኤ


ኦካያማ፣ ሜይ 8

ለካናኤ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጽሕፈትሽ ዛሬም ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ባለቤቴ ፉሚኤ መነጽሯን አድርጋ ካላነበበችልኝ ግማሹ ይቀርብኝ ነበር። እሷም ሰላም ትልሻለች፤ «በደንብ ትብላ በላት» ብላለች። በደንብ ብዪ።

ሰሞኑን ኮኩን በማሳሳት ላይ ነኝ። ከአሥር ለጋ ፍሬ ዘጠኙን እየለቀምኩ ስጥል እውላለሁ። ፉሚኤ በየዓመቱ «አይ ጨካኝ!» ትለኛለች፤ ሲበስል ግን ከእኔ ቀድማ የምትገምጠው እሷ ናት። ዘጠኙ ካልወደቀ አንዱ አያድግም። ይህን ዩኒቨርሲቲ አስተምረውሽ ከሆነ ጎሽ፤ ካላስተማሩሽ ከእኔ ስሚ።

ስለ ሳጋራ ጠይቀሽኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ እንደ እሱ ያለ ልጅ አልገጠመኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብተሩ ላይ ከክብ በቀር ሌላ ምልክት አልጻፈም። ሌሎቹ ትንሽ ሲያልባቸው ሦስት ማዕዘን ይጽፉ ነበር፤ ሦስት ማዕዘን ማለት ትሕትና የለበሰ ስንፍና ነው እያልኩ እቆጣቸው ነበር። አንቺም ታስታውሻለሽ፤ አንቺም ክብ ብቻ ነበር የምትጽፊው፤ ለዚህ ነው ስምሽን ለእሱ የሰጠሁት።

ዋስ ስሆንሽ ለአባትሽ ዓሣ ብዬ አይደለም። አንቺን አምኜ ነው። የሳጋራን ቃል የእኔ ቃል አድርገሽ ስሚ፤ ስሜን አደራ።

ሙናካታ


ከሙቀት ወራት ልምምድ ሰፈር፣ ኦገስት 23

ለተከበሩ መምህር፣

ሦስት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ብቅ ማለቴ ያሳፍራል፤ በሙቀቱ አታሳብቢ ይሉኛል ብዬ አላሳብብም። የላኩልን ኮክ ደርሶ ልጆቹ ተሻምተው በሉት። ለእኔ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ እሱም ግሩም ነበር።

«ሥራውን ለመድሽው ወይ?» ቢሉኝ፣ ለምጄዋለሁ። «በረዶ» መባሉ ቀርቶ በስሜ ነው የሚጠሩኝ። አሰልጣኝ ሳጋራም ጥሩ ሰው ናቸው፤ ልጆቹን አይሰድቡም፣ ከሁሉ ቀድመው ሜዳ ይገባሉ፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህ አምስተኛው ነው፤ አሁንስ እጽፈዋለሁ።

ቺሆ የምትባል ልጅ አለችን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከደሴት የመጣች የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ለአገር አቀፉ ውድድር በሚያሳልፈው የኦክቶበር ማጣሪያ ቅብብል ረጅሙን ርቀት የምትሮጠው እሷ ናት። በየማለዳው ደብተሯ ላይ ክብ ነው። ግን ከጁላዩ ሙቀት ጀምሮ የመኝታ ቤቱን ደረጃ የምትወርደው በጎኗ፣ እንደ ሸርጣን ሆና ነው። ባለፈው ሳምንት እግሯን ሳሽላት አውራ ጣቴን ቅልጥሟ ላይ ጫን ባደርግ ትንፋሿ ቀጥ አለ። «ምንም አይደል» አለችኝ እየሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ እጄን ይዛ ለመነችኝ። «ካናኤ እህቴ፣ በናትሽ፣ እስከ ማጣሪያው ድረስ ብቻ። እኔ ከወጣሁ የሰባቱ ልጆች ልፋት በእኔ የተነሳ ውሃ በላው ማለት ነው። ለማንም ሸክም መሆን አልፈልግም።»

እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ካልኩ ሰባት ቀኔ ነው። የተማርኩት አንድ ነገር ይለኛል፤ ያደግኩበት ሌላ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ካናኤ


ኦካያማ፣ ሴፕቴምበር 5

ለካናኤ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለፉሚኤ አላነበብኩላትም፤ እንደምትጨቀጭቀኝ አውቃለሁ።

ሯጭ የማያመው መቼ ነው? ቅልጥሙን ነክተሽው የማይጮህ ሯጭ ካገኘሽ እሱ ሯጭ ሳይሆን ሐውልት ነው። በአምስት ወር ልምድና በአራት ዓመት መጽሐፍ የሰው እግር አይታወቅም። ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ ሳጋራ ደግሞ ነበረ። ልጅቷ ካመማት እሱ ያያል። እሱ ካላየ የሚታይ ነገር የለም ማለት ነው።

ደግሞም ልጅቷ ያለችሽ እውነት ነው። የቅብብል ሩጫ የአንድ ሰው እግር አይደለም፤ በትከሻ የሚጠለቀው ጨርቅ ከእጅ ወደ እጅ ካልደረሰ የሚሰለፉት የስድስቱም ሩጫ የለም። ይህ የገባት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንቺ በሃያ ሁለትሽ እንዴት ይጠፋሻል?

በጣም ካስጨነቀሽ ለሳጋራ ንገሪው። ለእሱ ብቻ። እሱን ዘለሽ ወደ ላይ ከሄድሽ ግን የምታዋርጂው እሱን ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም የማን እንደሆነ አትርሺ።

ሙናካታ


ኪታክዩሹ፣ ኦክቶበር 13

ለተከበሩ መምህር፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ነገሩ አልቋል፤ ማጣሪያውም አልፏል። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው።

እንዳሉኝ መጀመሪያ ለአሰልጣኝ ሳጋራ ብቻ ነገርኩ። አልተቆጡኝም። «እኔ ደብተሯ ላይ ክብ ነው ያየሁት» አሉኝ። ወደ ሜዳም ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ትናንት ቺሆን እየጎተትኩ፣ በእውነት ነው የምልዎት እየጎተትኩ፣ ወደ ኩባንያው ሐኪም ወሰድኳት። አጥንቷ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን አንስቶ «በዚህ አሥር ኪሎ ሜትር ብትሮጥ ለሁለት ይከፈል ነበር» አለ፤ አትሮጥም የሚል ወረቀትም ጽፎ በቀጥታ ወደ ላይ ላከ።

ቺሆ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። አሰልጣኝ ሳጋራም።

መምህር፣ አንድ የደበቅኩዎት ነገር አለ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎ ሳለሁ፣ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ፣ እኔም ክብ እየጻፍኩ በታመመ እግር ሮጫለሁ። አጥንቱ ራሱ ገጥሞ ዳነ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያን ፍጥነቴን አላገኘሁትም። እርስዎ «ካናኤ ሰነፈች» ብለው አዘኑብኝ፤ እኔም ይሁን ብዬ ተቀበልኩ። ስፖርት ሳይንስ የገባሁት በዚያ ነው። የሆነውን ነገር ስሙን እንኳ ልወቀው ብዬ። ዘጠኙ ካልወደቀ አንዱ አያድግም ብለውኛል፤ እኔ ከወደቁት ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ልወቅስዎት አይደለም። ስምዎን አዋርጄያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ግን እንደገና ቢሆን እንደገና እጎትታታለሁ።

ካናኤ


ኦካያማ፣ ኦክቶበር 29

ካናኤ፣

እሑድ ሳጋራ ኬክ ይዞ መጥቶ ነበር። ቡድኑ በአሥራ አንድ ሰከንድ ከማጣሪያው ቀርቷል። አንድም ቃል አላማረረብሽም። «ይቅርታ መምህር፤ የሰጡኝን ልጅ በአግባቡ አልያዝኳትም» ብሎ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ጎነበሰልኝ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለጊዜው አትጻፊልኝ።

ሙናካታ


ኪታክዩሹ፣ ጃንዋሪ 3

ለተከበሩ መምህር፣

አትጻፊ ብለውኛል፤ ግን የአዲስ ዓመት ሰላምታ መከልከል በእኛ አገር ተሰምቶ አያውቅም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንኳን አደረሳችሁ። መልስ አይጠበቅብዎትም።

ከኖቬምበር ጀምሮ ከቡድኑ ተነስቼ ጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ተዛውሬያለሁ። ወንበሬ መስኮቱ ጥግ ነው። የሥራ ልብስ አድላለሁ፣ የተቃጠለ አምፖል ይነገረኛል። በየማለዳው ደግሞ የቢሮ ሰዎችን አሰልፌ በሬዲዮው ሙዚቃ ክንዳቸውን አስነሳለሁ። ሆዳቸው ከእነሱ ቀድሞ የሚገባ ሁለት አለቆች አሉን፤ በእኔ ዘመን ጫማቸውን ጎንበስ ብለው ማሰር ችለዋል። ማዕረጌ ይኸው ነው።

ቺሆ በገንዳ ውሃ ውስጥ መሮጥ ጀምራለች፤ ከሩቅ አይቻታለሁ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ታያለች። ልጅቷ ለምን ጠላችኝ አልልም፤ ግን ያመኛል መምህር፣ በጣም ያመኛል።

በማርች መጨረሻ ልለቅ አስቤያለሁ። ሙያውንም ጭምር። የጂሙ ጓደኛዬ «ነይ፣ ፈገግታ ካለሽ ይበቃል» አለኝ። የአንድ ከተማ ጤና ማዕከል ሽማግሌዎችን ከወንበር መነሳት የሚያለማምድ ሰው ይፈልጋል፤ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ውሉ። የሰውን እግር በሕግ ልነካ ካልኩ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ሦስት ዓመት ነው፤ አሁን በእጄ ያለው ዲግሪ ሐኪም ቤት «አሰልጣኝ ነሽ»፣ ሜዳ ላይ «ሐኪም አይደለሽም» የሚያስብል ነው። አባቴ ደግሞ በፊት ይቀልድ የነበረው አሁን ቀልዱን ትቷል፤ «ቢላዋው እዚህ አለ፣ ነይ» ነው ያለኝ። ከቀልዱ ይልቅ ይህ አስለቀሰኝ።

የትኛውን ልያዝ ብዬ አልጠይቅዎትም። የማስበውን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው።

ካናኤ


ኦካያማ፣ ፌብሩዋሪ 18

ለካናኤ፣

ብዙ ጊዜ ዝም አልኩሽ። ቁጣ ነው ብለሽ ይሆናል፤ መጀመሪያ ቁጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፍርሃት ነው። ፉሚኤ አጠገቤ ተቀምጣ «አሁን ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ» ስላለች ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሳጋራ በኦክቶበር የመጣ ቀን ያልነገርኩሽ አለ። እሱ ወጥቶ ከሄደ በኋላ ፉሚኤ ኬኩን እንኳ ሳትፈታ እንዲህ አለችኝ፦ «ያ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤታችን ሲገባ ምሰሶውን ይዞ ነው ደረጃዋን የሚወጣት። ለመሆኑ አንድ ቀን እግርህ እንዴት ነው ብለኸው ታውቃለህ?» ተቆጣኋት። አንድ ወር ከእሷ ጋር በቅጡ አላወራሁም። የተቆጣሁት መልሱን ስለማውቀው ነው።

የሳጋራን የመጨረሻ ውድድር ታሪክ ለእናንተም ነግሬያችኋለሁ፤ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች እነግር ነበር። እግሩ በሩጫው መጨረሻ ተሰብሮ፣ እየዳኸ ጨርቁን ለተረካቢው እንዳደረሰ። ከተማው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም እያለቀስኩ አጨበጨብኩ። ለእናንተ ያልነገርኳችሁ ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከጂምናዚየሙ ጀርባ ሳጋራ ብቻውን መጣና «መምህር፣ እግሬን…» አለኝ። አላስጨረስኩትም። «እኔ ደብተርህ ላይ ክብ ነው ያየሁት» አልኩት።

በደብዳቤሽ ያን ቃል ሳነብ ማን እንዳለው ሳይሆን ከማን እንደተማረው ነው የገባኝ። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያንቺንም እግር እዚያው መሳቢያ ከተትኩት። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

የጃንዋሪ ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ባቡር ተሳፍሬ ኪታክዩሹ መጣሁ። አንቺን ሳላይ መመለሴን ይቅር በይኝ፤ በምን ዓይኔ ልይሽ? ሳጋራን ጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ኑድል ቤት ቀጠርኩት። ገና ሳይቀመጥ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጎነበስኩለት።

«መምህር፣ ምን ነካዎት! ሰው እያየ ነው፤ ይነሱ!» አለኝ።

«ይየኝ። ያኔ ሲያጨበጭብም አይቷል» አልኩት።

አንስቶ አስቀመጠኝ። ኑድሉ መጥቶ በረደ። ወደ ሳህኑ እያየ፣ «ነግሬዎት ነበር እኮ» አለ። የአርባ አራት ዓመት ሰው፣ ድምፁ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆነብኝ።

«ነግረኸኛል። ሰምቼሃለሁም። ያልሰማሁ መስዬ ነው የሸኘሁህ» አልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀብኝ ቃል ይኸው ነው፤ ለመናገር ግን አንድ ትንፋሽ አልፈጀም።

ስለ ሥራሽ ከፊትሽ ያሉትን በሮች ጽፈሽልኛል። እኔ የማማክርሽ ሰው አይደለሁም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የእግር አዋቂ ስባል የኖርኩ የማውቀው በእጄ የያዝኩትን የሩጫ ሰዓት ብቻ ነበር። የሽማግሌዎቹም ሥራ ትንሽ ሥራ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከወንበር ስነሳ ፉሚኤን ነው የምይዘው። ሆኖም ሳጋራ አንድ ነገር ብሏል። ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ ወደ ቡድኑ እንድትመለሺ ኩባንያውን ጠይቋል። ራሱ ሊነግርሽ አፍሮ ነው። የመጣሁት የእሱ መልእክተኛ ልሆን አልነበረም፤ ግን ላከኝ። መልስሽን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገሪው። እምቢ ብትዪም መብትሽ ነው፤ ማንም ደግሞ ስሜን እያነሳ እንዳይለምንሽ።

እኔም አሁን በራሴ ስም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ሰነፈች ብዬሽ ነበር። አልሰነፍሽም።

ሙናካታ


ኪታክዩሹ፣ ማርች 24

ለተከበሩ መምህር፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት የሥራ ልብስ መጋዘን ውስጥ ነው። ጥሩ ቦታ ነው፤ ሰው ቢያለቅስ ጨርቁ ድምፅ ይውጣል። አንድ ነገር ብቻ ልበልዎት፦ እንኳንም ሄዱ። ስለ ራሴ እግር የሚቀር ቅሬታ የለኝም።

እኔና ቺሆ እስካሁን ብዙ አናወራም። ግን ባለፈው ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ አገኘሁ፤ «እናቴ ናት የላከችልሽ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አለበት። አባቴ ስለ ዓሣው በስልክ ስነግረው «አደራረቁን የሚያውቅ ሰው ያደረቀው ነው» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ሽልማት ነው።

ወደ ጤና ማዕከሉ ልሄድ ከጫፍ ደርሼ ነበር። በመጨረሻ ግን ትናንት ለአሰልጣኝ ሳጋራ ልነግራቸው ሄድኩ፤ እመለሳለሁ፣ ግን ሁለት ነገር አለኝ ብዬ። አንደኛ፣ ሕመም በደብተር መጠየቁ ይቅር፤ እኔ በአፌ ጠይቄ በእጄ ነክቼ፣ ለሐኪሙ እነግራለሁ፣ ከዚያ ነው እሳቸው የሚሰሙት። ሁለተኛ፣ ማታ ማታ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት እገባለሁ፤ የማታው አራት ዓመት ይፈጃል፣ ሥራ አስቀርቼም ቢሆን ለፈተና እወጣለሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሌላስ?» አሉኝ። ልወጣ ስል ግን ዞር ብዬ «ሦስተኛም አለ» አልኩ። እግር የማሽባትን አልጋ እያሳየሁ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት እንዲሰበስቡ ጠየቅኋቸው።

ሳቁብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያለፈው አጥንት ምን ያደርግልሻል አሉ። እኔ ከአልጋዋ አጠገብ አልተንቀሳቀስኩም። ቀስ ብለው አልጋዋ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። የግራ ቅልጥማቸው ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው፤ ጡንቻው ከቀኙ በሲሶ ያንሳል። እጄን ሳሳርፍ እግራቸው ሸሸ።

«ምንም አይደል» አሉ።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት፤ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው፣ በሌባ ጣታቸው፣ ቦታውን አሳዩኝ።

ካናኤ